«አልመጣብኝም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፦ የፊኛ ስሜትና የወንዶች ሽንት መዘጋት

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አጎቴን ከዘጌ በጀልባ ወደ ባህር ዳር አምጥተናቸው ነበር። የ71 ዓመት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ሲነግዱ ኖረዋል። ወደ ሕክምና ያመጣቸው የእግራቸው እብጠትና የምግብ ፍላጎት ማጣት እንጂ የሽንት ችግር አልነበረም። ከዚያ በፊት በሌላ የጤና ተቋም «ጨጓራ ነው» ተብለው ለሁለት ወር መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል። በዚህኛው ቀን የተቀበለቻቸው ነርስ ግን ልብሳቸውን አስገልጣ ከእምብርታቸው በታች መዳፏን አሳረፈች፤ በሌላው እጇ ጣት መታ መታ አደረገችና «አባቴ፣ ሽንትዎን መቼ ነው የሸኑት?» አለቻቸው። «አሁን ስገባ ሸንቻለሁ። ድሮ ነበር እንጂ የሚያስቸግረኝ፤ አሁንስ ተመስገን፣ ብዙም አይመጣብኝ» ሲሉ መለሱላት። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ሲገባላቸው የወጣው ሽንት 1,800 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ሃይላንድ በምንለው የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ቢለካ ሦስት ተኩል ሞልቶ የሚተርፍ ማለት ነው።

ይህን የማነሣው የቤተሰቤ ገጠመኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ስለ ሽንታቸው ሲጠየቁ የሚመልሱት ከሚሰማቸው ስሜት ተነሥተው ነው፤ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ያንኑ መልስ ይዞ ይወስናል። ሽንቱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣበት ሰው ብዙ ሽንት ያለው፣ የማይመጣበት ደግሞ የዳነ ይመስላል። የሽንት መውጫው በጠበበ ሰው ላይ ግን ሁለቱም ግምቶች ሊያሳስቱ ይችላሉ። ችግሩ ሲጀምር ስሜቱ ፊኛው ውስጥ ካለው ሽንት መጠን በላይ ያጣድፋል፤ ችግሩ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ፊኛው እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ስሜቱ ዝም ይላል። ከሁለቱ የከፋው ዝምታው ነው፤ ታማሚውም ቤተሰቡም እንደ መሻል ይቆጥሩታልና።

ነገሩን ለመረዳት ጤነኛ ፊኛ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ግድግዳው ሽንት በገባ ቁጥር እየተለጠጠ ስለሚቀበል በውስጡ ያለው ግፊት ብዙም ከፍ አይልም። ወደ 150 ሚሊ ሊትር ሲጠጋ የመጀመሪያው ቀላል ስሜት ይሰማል፤ ከ300 ሲያልፍ ደግሞ «ሽንት ቤት የት ነው?» ወደሚያሰኝ ደረጃ ይደርሳል። መልእክቱ የሚነሣው ከግድግዳው ውስጥ ከተበተኑት ነርቮችና ከውስጠኛው ሽፋን ህዋሳት ነው። እነዚህ ህዋሳት መለጠጣቸውን ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ፒዬዞ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ህዋሱ ሲለጠጥ እንደ በር ተከፍቶ የኤሌክትሪክ ምልክት ያስነሣል። የፒዬዞ ፕሮቲኖችን ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2020፣ ይኸው ፕሮቲን በፊኛ ውስጥ እንደሚሠራ የሚያሳይ ጥናት ወጥቶ ነበር። በተፈጥሮ ይህ ፕሮቲን የማይሠራላቸው ሰዎች ፊኛቸው ሲሞላ በደንብ ስለማይታወቃቸው ብዙዎቹ ሰዓት ጠብቀው እንደሚሸኑ የታወቀውም በዚያ ጥናት ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ምልክቱ በታችኛው የህብለ ሰረሰር ክፍል በኩል ወደ አንጎል ይወጣል፤ አንጎልም ጊዜውና ቦታው እስኪመች ድረስ ይከለክላል። ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲጓዝ «ሾፌር፣ አንዴ አቁምልን» ማለት አፍሮ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚይዝ ሰው የሚጠቀመው በዚሁ ክልከላ ነው። ሲፈቀድ መዝጊያው ይላላል፣ የፊኛው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ሽንቱም ያለ ማማጥ ይወርዳል። እንግዲህ ማማጥ ከተጨመረ፣ ለመጀመር ቆሞ መጠበቅ ካስፈለገ፣ ሽንቱ ከቀጠነ ወይም መሐል ላይ እየተቋረጠ ጠብ ጠብ ካለ፣ ከሁለት አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ወይ መውጫው ጠቧል፣ ወይ ጡንቻው ደክሟል።

መውጫውን የሚያጠበው በአብዛኛው ፕሮስቴት ነው። ይህ ዕጢ ከፊኛው ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ይከብበዋል። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ ያድጋል፤ በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ በ80ዎቹ ካሉት ደግሞ ከአሥሩ በስምንቱ ላይ ዕድገቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ ዕድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ሐኪሞች አንዱን አይተው ሌላውን አይዘነጉም። የዕጢው ትልቅነትና የችግሩ ክብደት ሁልጊዜ እንደማይመጣጠንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ትንሽ ዕጢ ያለው ሰው ሽንቱ ሊዘጋ፣ ትልቅ ዕጢ ያለው ደግሞ ያለ ችግር ሊኖር ይችላል። በወጣቶች ላይ ቀጭን ሽንት ሲታይ ግን ይበልጥ የሚጠረጠረው የቧንቧው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳው ሳይታከም ከቆየ ጨብጥ፣ በመኪና አደጋ ከደረሰ የዳሌ ስብራት፣ ወይም ቀድሞ በግድ ከገባ ካቴተር ሊመጣ ይችላል።

በጣና ዳር ሌላ የተለመደ ግምት አለ። የሽንት ችግር ሲነሣ ብዙ ሰው በሐይቁ ውኃ ያመካኛል፤ «ቢልሃርዚያ ነው» ይላል። በጣና ዙሪያ ያለው ቢልሃርዚያ ግን ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ጥገኛ ትል የሚያመጣው ነው፤ የሚጎዳውም አንጀትንና ጉበትን ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም በአገራችን የሚታወቀው በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ሲሆን፣ በሱዳንም አለ። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ሠርቶ የተመለሰ ሰው ደም የተቀላቀለ ሽንት ካየ የሄደበትን ቦታ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ዘመኑን ሁሉ በጣና ዳር ያሳለፈ አዛውንት ሽንቱ ሲቀጥን ግን ምክንያቱን ከሐይቁ ይልቅ ከፕሮስቴቱ መፈለግ ይሻላል።

መውጫው ሲጠብ ፊኛው መጀመሪያ የሚያደርገው መበርታት ነው። የጠበበውን ቧንቧ አሸንፎ ለማስወጣት ጡንቻው ይወፍራል፤ በመሣሪያ ወደ ውስጥ ሲታይ የጡንቻው ዘለላዎች እንደ ገመድ ተጋድመው፣ በመካከላቸውም የተጎደጎዱ ኪሶች ወጥተው ይገኛሉ። ይህ ብርታት ዋጋ ያስከፍላል። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ወፍራም ጡንቻ በቂ ደም አያገኝም፤ በውስጡ ካሉት ነርቮች ከፊሎቹ ይሞታሉ፣ ነርቭ ያጣው ጡንቻም ከልክ በላይ ቁጡ ይሆናል። በጤና ጊዜ እምብዛም የማይናገሩት፣ ሲ የሚባሉት ቀጫጭን የስሜት ነርቮችም መልእክት መላክ ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ሽንት የያዘ ፊኛ እንደሞላ ሆኖ ያጣድፋል፤ ሰውየው ሲሮጥ ሄዶ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው፣ ከተመለሰ በኋላም «የቀረኝ አለ» የሚል ስሜት አይለቀውም። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማኅሌት ይቆሙ የነበሩ አዛውንት ወደ በሩ ጠጋ ብለው መቆም ሲጀምሩ፣ ቀጥሎም ከማኅሌቱ ሲቀሩ፣ ጎረቤት «አረጁ» ይላል እንጂ ሽንታቸው እንዳስቸገራቸው የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ እሳቸውም አይናገሩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምዕራፍ በአጎቴ ቤት በቅርብ አይቼዋለሁ። ለዓመታት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ሲነሡ ኖረው፣ ከጊዜ በኋላ ተኝተው ማደር ጀመሩ። ቤተሰቡ ደስ አለው። አክስቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት የጋቢያቸውን ጫፍ ታጥብ ነበር፤ እሳቸውን እንዳታሳፍር ብላ ለማንም አልተናገረችም። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ በየጊዜው ሳይጨርስ የሚቀረው ሽንት እየተጠራቀመ ፊኛውን ከልክ በላይ ይለጥጠዋል፤ ለወራት የተለጠጠ ጡንቻ መኮማተር ያቅተዋል፣ ነርቮቹም ይደነዝዛሉ። ሙላቱ ቀስ በቀስ ስለመጣ ሕመም የለውም። በእንቅልፍ ጊዜ መዝጊያው ሲላላ ከሞላው ላይ የተረፈው ይፈስሳል። በመሆኑም አንድ አዛውንት በስተርጅና አልጋቸው ላይ መሽናት ከጀመሩ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ፊኛቸው እንደሞላ መገመት ይገባል። ግፊቱ ወደ ላይ ሲመለስ ሁለቱም ኩላሊቶች ውኃ እየቋጠሩ ይሰፋሉ፤ የእግር እብጠቱ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣውም ከኩላሊት መድከም ነው። ለጨጓራ የተሰጠው ክኒን ለዚህ የሚፈይደው አልነበረም።

ድንገት የሚዘጋው ሽንት ከዚህ ይለያል። እርሱ አያታልልም፤ ሰውየው ያቃስታል፣ ይንቆራጠጣል፣ ሆዱን ይዞ ይጎብጣል፣ በሰዓታት ውስጥም ሕክምና ይፈልጋል። ቀድሞ የጠበበን መውጫ ጨርሶ የሚዘጉ ቀስቃሾች አሉ። ለጉንፋን ያለ ማዘዣ የሚገዙ፣ አፍንጫ የሚከፍቱና የሚያስተኙ ክኒኖችና ሽሮፖች የፊኛውን አንገት ሊያጠብቁ ወይም ጡንቻውን ሊያሰንፉ ይችላሉ፤ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ማታ ጠላና አረቄ በዝቶ ሲጠጣ ፊኛው በፍጥነት ይሞላል፣ ስሜቱ ግን በስካሩ ይደበዝዛል። በባህር ዳር ዙሪያ በስፋት የሚመረተው ጫትም ከዚሁ ይመደባል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ኖርአድሬናሊን የተባለው የሰውነት ኬሚካል እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ የፊኛው አንገት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከየመን የወጣ ጥናት ጫት የቃሙ ወንዶች የሽንት ፍሰት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ፕሮስቴታቸው ያደገ ሰዎች ከሰዓት በኋላ ሲቅሙ ውለው ማታ ሽንት ሲከለክላቸው «ብርድ መታኝ» ይላሉ፤ ቀኑን የዋሉበትን ግን አያነሡም።

«ብርድ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ ጥፋት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ። አባቶቻችን ለችግሩ «ሽንት ማጥ» የሚል ስም ነበራቸው፤ ስሙ ራሱ ማማጡንና ጭንቁን ይናገራል። «ብርድ» ግን የሚያቃጥለውንም፣ የሚከለክለውንም፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣውንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ወደ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይመራል። ሽንት ሳይጨርስ ሲቀር ኢንፌክሽን በቀላሉ ስለሚይዘው መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ያሻለ ይመስላል፤ መውጫው እንደ ጠበበ ስለሆነ ግን ተመልሶ ይመጣል። በዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ኢንፌክሽን የታከመ አዛውንት ከሸና በኋላ የሚቀረው ሽንት ካልተለካለት፣ ሕክምናው ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል።

በሌላ በኩል ሌሊት የሚነሣ ወንድ ሁሉ መውጫው ጠቧል ማለት አይደለም። የስኳር ሕመም የሽንቱን መጠን ራሱን ያበዛል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የፊኛውን ነርቭ አደንዝዞ ያንኑ አሳሳች ዝምታ ያመጣል። ልቡ የደከመ ሰው ቀን እግሩ ላይ የወረደው ፈሳሽ ማታ ሲጋደም ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆንበታል። በጾም ወቅት የሚታየውም መጤን አለበት፤ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ አዛውንት የቀኑን ፈሳሽ ሁሉ ከሰዓት በኋላና ማታ ሲወስዱ፣ ሽንቱ ወደ ሌሊት መዛወሩ የሚጠበቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፈሳሹን ጾሙ እንደተፈታ ወስዶ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት መቀነስ ከክኒን ይበልጥ ሊጠቅመው ይችላል። ሽንት ቤት ፍለጋ ላለመቸገር ብሎ ቀኑን ሙሉ በባህር ዳር ሙቀት ውኃ አለመጠጣት ግን ጉዳት አለው፤ የተጠራቀመው ሽንት ይወፍራል፣ ጠጠርም ይሠራል።

ታዲያ ስሜት እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ በምን እንመራ? የጣና ውኃ መውጣትና መውረድ ባህር ዳር ላይ በመለኪያ ይነበባል እንጂ ዳር ቆሞ በዓይን አይገመትም። ፊኛም መለካት አለበት። በቤት ውስጥ መስመር ያለው የአንድ ሊትር ጆግ ይዞ ለሦስት ቀን የሸኑበትን ሰዓትና መጠን መጻፍ ብዙ ነገር ይገልጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ሊትር በላይ የሚወጣው ሰው ችግሩ ከፊኛው ሳይሆን ከሽንቱ መብዛት ነው፤ በየጊዜው 80 እና 100 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚወጣው ደግሞ ወይ ፊኛው ቁጡ ሆኗል ወይ እየተረፈ ነው። በጤና ተቋም ሰውየው ከሸና በኋላ በአልትራሳውንድ የቀረውን ማየት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ በተደጋጋሚ ከተገኘ ሥር የሰደደ መጠራቀም ነው። የፍሰት መለኪያ ባለበት ቦታ ከፍተኛው ፍሰት በሰከንድ ከ10 ሚሊ ሊትር በታች መሆኑ መዘጋትን ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ የደከመ ፊኛም ፍሰቱን ስለሚቀንስ መለኪያው ብቻውን አይፈርድም።

በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የፕሮስቴት ምልክቶች መጠይቅ አለ። ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ከ35 ይታረማል፤ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን የሚጠይቀው የሚሰማንን ነው። አጎቴ በዚያች ቀን ቢጠየቁ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበሩበት ያነሰ ነጥብ ያገኙ ነበር፤ ኩላሊታቸው እየደከመ፣ ወረቀቱ «ተሽሏቸዋል» ይል ነበር። ስሜትን የሚያበርዱ፣ ፊኛን የሚያዝናኑ መድኃኒቶችን የቀረውን ሽንት ሳይለኩ ማዘዝ የሚያሰጋውም ለዚህ ነው።

ወንዶች ከሕክምናው የሚሸሹባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ በጣት የሚደረገው ምርመራ፣ ሌላው ቀዶ ሕክምናው «ወንድነት ያጠፋል» የሚለው ወሬ ነው። ምርመራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ዕጢው መላላቱን ወይም እንደ ድንጋይ መጠጠሩን የሚነግረውም እርሱ ነው፣ ከፕሮስቴት የሚወጣ ፕሮቲንን በደም ውስጥ የሚለካው የፒኤስኤ ምርመራ ይህን አይተካም። ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ እውነቱ ሲነገር፣ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዘሩ ወደ ፊት መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ መመለሱ የተለመደ ነው፤ የብልት መቆም ችሎታ ግን በአብዛኛው አይጠፋም። ይህን አስቀድሞ በግልጽ መንገር የሐኪሙ ድርሻ ነው።

ቀዶ ሕክምና የማያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው። ታምሱሎሲን በቀን አንድ ጊዜ 0.4 ሚሊ ግራም ሲወሰድ የፊኛውን አንገት አላልቶ በቀናት ውስጥ ያሻሽላል። ከምግብ በኋላ ስለሚወሰድ ጿሚዎች ሰዓቱን ከማዕዳቸው ጋር ማስማማት አለባቸው፤ ሌሊት ሲነሡም ራስ ሊያዞር ስለሚችል ከአልጋው ጫፍ ትንሽ ተቀምጦ መነሣት ይገባል። ፊናስቴራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፣ ግን ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል፤ የፒኤስኤን ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ መወሰዱ ለሚመረምረው ሐኪም መነገር አለበት።

ባህር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። ከሐይቁ ማዶና ከደሴቶቹ የሚመጣ ሰው ግን ጀልባ መጠበቅ አለበት፤ መንገድ በየጊዜው በሚቋረጥበት በዚህ ዘመን ደግሞ ሌሊት ሽንቱ የተዘጋ ሰው እስኪነጋ መሰቃየቱ አይቀርም። ስለዚህ ሥራው ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ አለበት ባይ ነኝ። ለነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል አልትራሳውንድ በገባበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ወንድ እግሩ ሲያብጥ፣ ኩላሊቱ ሲደክም ወይም አልጋ ላይ ሲሸና ፊኛው በዚያው መሣሪያ ይታይ። መሣሪያ በሌለበትም የዚያች ነርስ መዳፍ በቂ ነበር።

አጎቴ ካቴተሩ በገባላቸው ሌሊት በሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ሲሸኑ አደሩ፤ መዘጋቱ ሲለቅ ኩላሊቶቹ የያዙትን ውኃና ጨው ስለሚለቁ የጠፋው ፈሳሽ እየታየ ይተካላቸው ነበር። ከሳምንታት በኋላ የኩላሊታቸው ምርመራ ተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ። የፊኛቸው ስሜት ዛሬም ደካማ ስለሆነ፣ ፒዬዞ 2 እንደሌላቸው ሰዎች፣ በየአራት ሰዓቱ ሰዓታቸውን አይተው ይሸናሉ፤ መጠኑንም በጆግ ለክተው በቡና ሒሳብ ደብተራቸው ጀርባ ይጽፋሉ። ባለፈው ክትትላቸው ከሸኑ በኋላ በአልትራሳውንድ የታየው 80 ሚሊ ሊትር ነበር፤ እሱንም ከዕለቱ የቡና ዋጋ ሥር መዝግበውታል።